የመሀሉ ድምፅ

የልጅ ልጄ ናኒ ትምህርቷን ከመኝታ ቤቷ በስክሪን መከታተል ከጀመረች ወዲህ ከወገብ በታች ፒጃማ፣ ከአንገት በላይ ሙሽራ ሆናለች። ዛሬ ጠዋትም ፀጉሯን ስታበጃጅ የስፕሬዩ ሽታ ኮሪደሩን አልፎ እኔ የተቀመጥኩበት ሶፋ ድረስ መጣ። እዚህ ላስ ቬጋስ፣ ስትሪፕ በሚሉት የሆቴሎች ጎዳና ላይ አልጋ ሳነጥፍ የኖርኩበት ሆቴል በወረርሽኙ ምክንያት ካሰናበተን ጀምሮ ሶፋው የሥራ ሺፍቴ ሆኗል፤ ድካሙ ግን አብሮ አላሰናበተኝም። ያ ሽታ ሲደርሰኝ ዓይኔን ጨፈንኩና ኤልሳን አየኋት።

ኤልሳ፣ ጽጌና እኔ አዲስ አበባ፣ አንድ የትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ የተገናኘን ልጃገረዶች ነበርን። የሙዚቃ አስተማሪያችን ዘፈኑን ለሦስት ከፍሎ ለኤልሳ ዜማውን፣ ለጽጌ ወፍራሙን ድምፅ፣ ለእኔ መሀሉን ሰጠን። የመሀል ድምፅ ሲኖር ማንም ልብ አይለውም፤ ሲጎድል ግን ሰው ሁሉ "ምን ሆኑ?" ይላል። ከትምህርት ቤት በዓል ወደ ሰርግ፣ ከሰርግ ወደ ሬዲዮ እያልን፣ በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ በኦርኬስትራ የሚያስጨፍር ትልቅ ሆቴል ደረስን። ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ቀሚስ እንለብሳለን፤ ፀጉራችንን ቆልለን በስፕሬይ እናደርቀዋለን። ጽጌ በወፈረች ቁጥር ልብስ ሰፊው የሦስታችንንም ቀሚስ ያሰፋው ነበር፣ እንድንመሳሰል ተብሎ።

ማይክራፎኑ አንድ ስለነበር ጉንጭ ለጉንጭ ተጠጋግተን ነበር የምንዘፍነው። ኤልሳ ከመሀል ቆማ እጆቿን በጀርባችን ታሳልፍና፣ መተንፈሻው ሲደርስ በጣቷ ጫን ታደርገናለች፤ ሦስታችንም እኩል እንተነፍሳለን። ተመልካቹ የፍቅር መተቃቀፍ ይመስለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ተኳርፈን የዘፈንንባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው፤ ጣቷ ግን አኩርፎ አያውቅም።

ዕድሜያችን በመድረክ ላይ አጭር ነበር። ጽጌ አገባች፤ ባሏ መድረክ አልወደደላትም። ሁለት ሆነን ስንውተረተር ደግሞ ሰዓት እላፊ ታወጀና ሆቴሉ ጭፈራውን ተወው። ከብዙ ዓመት በኋላ ኤልሳና እኔ ልጆቻችንን ተከትለን መጥተን ላስ ቬጋስ ተገናኘን። ጽጌ ቀድማን አርፋ ነበር።

ባለፈው የብርድ ወራት ኤልሳ በሳንባ ታመመች። ሰዘርን ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር ልጇ ቤት ተኝታ፣ ጠያቂ እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ እኔ ጓሮ መስኮቱ ስር ቆሜ በመስታወቱ እየተያየን በስልክ እናወራ ነበር። አንድ ቀን አብረን እንዝፈን አለችና ሞከርነው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ድምፁ ግን በስልኩ ዘግይቶ ይመጣና አንዳችን ሌላችንን ስናሳድድ እንውላለን። ኦክስጅን ተሰክቶላትም ትንፋሿ አልበቃ አላት።

"በቃ አንቺ ዝፈኚ፣ እኔ ልስማሽ" አለችኝ።

የማውቀውን፣ የመሀሉን ዘፈንኩላት። ስጨርስ "ለካ ይኼን ነበር እንዴ የምትዪው? ያን ሁሉ ዘመን ጎንሽ ቆሜ እኮ አንድ ቀን ሰምቼሽ አላውቅም" አለች። ሁለታችንም ሳቅን። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ግን አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ ዛሬም አላውቅም። ሳምንት ሳትቆይ አረፈች።

ናኒ ፀጉሯን ጨርሳ መጣችና ስልኳን ደቀነችብኝ፤ "እማማ፣ የድሮ ሶንጋችሁን ሬከርድ ላድርግሽ?"

ድካሜ ባይለቀኝም እምቢ አላልኳትም። ግንባሯን ቋጥራ ሰማችኝና "ናይስ ነው፣ ግን ሜሎዲው የታለ?" አለች። ዜማው የኤልሳ ነበር። ልያዘው ብልም አፌን በልማዱ ወደ መሀሉ ያዳልጠኛል። እንደገና ጀመርኩላት፤ መተንፈሻው ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ናኒ የረሳሁት መስሏት ጠበቀችኝ። አልረሳሁትም፤ ጀርባዬ የኤልሳን ጣት እየጠበቀ ነበር።