የመሪጌታው ሰዓትና የልጄ ሽማግሌዎች

ደባርቅ ውስጥ ሰዓት የምንወድ ሰዎች ነበርን። ሰዓት የምናከብር አላልኩም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን፤ አራት ሰዓት ተባብለን ስድስት ሰዓት ላይ የምንሟላ፣ እጅጌያችንን ጠቅልለን አንዳችን የሌላውን ክንድ የምንመረምር ጎልማሶች። የዘገየ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም። «እስቲ ይህችን እዩልኝ» ብሎ አዲስ ሰዓት ሲዘረጋ መዘግየቱ ተረስቶ ይቀራል።

እኔ ምስማርና ቆርቆሮ ሻጭ ነኝ። ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጠርኩ፤ ማንበቡን ግን ያጠናሁት ከሸቀጥ ማሸጊያ ላይ ነው። የሚቆጣጠረኝ አስተማሪ ስላልነበረኝ ልጆቼን ሳስተምር ጠበቅ አደርጋለሁ። «ሰዓት የሰው ቃሉ ናት» እያልኩ አሳደግኋቸው። እነሱም እሁድ እሁድ ምሳ ሳይበሉ እኔን እየጠበቁ አደጉ።

በረንዳው ላይ የማንከራከርበት ነገር አልነበረም። አንድ መምህር በሮማውያን ቁጥር አራት በአራት ዘንግ የተጻፈበት ሰዓት ካየ ፊቱ ይጠቁራል፤ «ይህን የሠራ ሰው አልተማረም» ይላል። ሰሜን ተራሮች ላይ ጨነቅ ድረስ ፈረንጅ የሚያደርስ አስጎብኚ ደግሞ የተሸለመውን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር እንዳለ ያስረዋል። እኛ ስድስት ሰዓት ላይ ስንሟላ የሱ ገና አሥራ ሁለት ይላል። «ጎህ ቀደደልህ?» እንለዋለን።

ትልቁ ጠብ ግን የወሩን ቀን ቁጥር ስለምታሳየው የሰዓት መስኮት ነበር። ቀን የምትቆጥር ሰዓት ቆጣሪዎቿ አሥራ ሁለት ላይ ሲገጥሙ ከሁለት አንዴ ቀኑን ትለውጣለች። በእኛ አቆጣጠር ስንሞላት ታዲያ መለወጫው ወይ ማታ አሥራ ሁለት ወይ ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ ይወድቃል፤ ምርጫው የባለቤቱ ነው። በዚህች ምርጫ ሁለት ተከፈልን። የማታዎቹ መሪ አንድ መሪጌታ ነበሩ። «ቀን የሚገባው በዋዜማው ነው። ማታ የማትለውጥ ሰዓት አረማዊ ናት» ይላሉ። የጠዋቶቹ ተከራካሪ እኔ ነበርኩ። «የኔታ፣ ሰው ተኝቶ ሳይነሳ ነገ አይሆንም» እላቸዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ሰላምታ ያቋረጡ ሰዎች አውቃለሁ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ግን ሁላችንም እኩል እናፍራለን፤ ሰዓቶቻችን ሠላሳ አንድ የሚባል የማናውቀውን ቀን ያመጡብንና መሙያ ስናሽከረክር እንውላለን።

ታዲያ የእኚሁ መሪጌታ ልጅ ዳባት መምህር ነው፤ የኔ ልጅ ደግሞ እዚያው ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ሁለቱ ተዋደዱ። የቀረው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር። መሪጌታው ላኩብኝ፤ እኔም እንደ ወጉ አንዴ መልሼ «ለመልሱ በሃያ አንድ፣ በማርያም ዕለት ኑ» አልኩ። ልጄ ፈቃድ ጠይቃ መጣች።

ሃያኛው ቀን አርብ ነበር። ፀሐይ ገብታ ሱቄን ስዘጋ ሽማግሌዎቹ ግቢዬ ደጃፍ ቆመዋል። አባት ከሽማግሌ ጋር መምጣት ልማድ አይደለም፤ መሪጌታው ግን ከፊት አሉ፣ የግራ እጅጌያቸው ተጠቅልሏል።

«ምነው የኔታ፣ በደህና?»

«በቀጠሯችን መጥተናል።» ክንዳቸውን አፍንጫዬ ሥር አደረሱት። መስኮቷ ላይ ሃያ አንድ ይላል።

የመጡት ለልጃቸው ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ግቡ ካልኳቸው በሚቀጥለው እሁድ በረንዳው ላይ «ማታ ቀን ገብቶ ተቀበለኝ» ይላሉ። ተመለሱ ካልኳቸው ሽማግሌ ከደጅ የመለሰ ሰው እባላለሁ፤ የልጄም ነገር ያበቃለታል። ጓዳው በር ላይ ሚስቴ በዓይኗ ትለምነኛለች። ከኋላዋ የልጄ ነጠላ ጫፍ ይታየኛል።

አስገባኋቸው። ከዚያ ሚስቴን ጠርቼ «ወተት አምጪ» አልኩ።

«አርብ ነው እኮ!»

«በኛ ነው አርብ። በየኔታ ሰዓት ቅዳሜ ገብቷል፤ ጾሙ ወጥቷል። እንግዳ በባዶ አፉ አይቀመጥም።»

ሚስቴ አላመጣችም። እኔው ገብቼ የጥጃውን ድርሻ በጣሳ ቀድቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ጣሪያውን ያያሉ። አንደኛው ሳቁን በሳል ሸፈነ። መሪጌታው ወተቱን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ፣ መልሰው ወተቱን አዩ።

«አንተ ሰው፣ በጾም ትቀልዳለህ?»

«ጾም ከሆነማ ዛሬ ሃያ ነው የኔታ።»

መሪጌታው መሙያዋን ስበው ማዞር ጀመሩ። ያቺ ሰዓት ደግሞ ቀን የምታዞረው ወደፊት ብቻ ነው። ከሃያ አንድ ወደ ሃያ ለመመለስ ሠላሳ አንድን አልፎ፣ ከአንድ ጀምሮ ወሩን ሙሉ መዞር ያስፈልጋል። ያንን ሁሉ ቀን ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ቆጠሩ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልወድም። ሃያ ላይ ሲደርሱ ብድግ አሉ።

«እንግዲያው ዛሬ ቀጠሮ የለንም» ብለው ወጡ። ሽማግሌዎቹም ተከተሏቸው።

በነጋታው ልጄ ወደ ዳባት ልትመለስ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ሚኒባስ ተራ ልትወጣ ስትል አገኘኋት።

«አባባ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። ወተቱን አንተው ጠጣው» አለችኝ። ከልጆቼ ሁሉ ተቆጥቻት የማላውቀው እሷን ብቻ ነው፤ በልጅነቷም የሚያስቆጣ አልሠራችም። ያን ጊዜም አልተቆጣኋትም።

ቅዳሴው ወጣ፤ ማንም አልመጣም። ፀሐይዋ ወጣ ወጣ አለች፤ ማንም አልመጣም። የሴት አባት ወደ ወንድ ቤት አይሄድም፤ ይህንንም ለሰው ስመክር የኖርኩ እኔ ነኝ። ጋቢዬን ለብሼ በዋናው መንገድ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ እያየኝ፣ ሄድኩ።

መሪጌታው ግቢያቸው ውስጥ ጥጃ የሚያዩ መስለው ቆመዋል። ቀና ሳይሉ «ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ሃያ አንድ ነው የኔታ።»

«በኔ ገና ሃያ ነው። አንተ ነህ የመለስከኝ።» እውነታቸውን ነው፤ የሳቸው ማታ እስኪሆን አትለውጥም። «ሃያ አንድ የገባው ትናንት ማታ ነው በልና ሽማግሌዎቹን አሁን ልጥራቸው።»

ልጅ ዋሸ ብዬ ገርፌ አሳድጌያለሁ። «እሱን አልልም» አልኳቸው። ጥጃው ሳር ያኝካል። ልጄ ይሄኔ ከደባርቅ ወጥታለች ብዬ አሰብኩ።

«ሰዓቷን ግን እኔው አዞርልዎታለሁ» አልኩ።

 ሰዓቷን ማዞር ትናንት ያስፈረስኩትን የማታዎቹን ሥርዓት በእጄ መመለስ እንደሆነ እሳቸውም አውቀዋል፤ እኔም አውቄያለሁ። ከዚያ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። መሙያዋን በጥፍሬ ስቤ ወደ ሃያ አንድ አዞርኳት፣ መልሼም ገፋኋት።

«ግባ፣ ተቀመጥ» ብለውኝ፣ ዘንጋቸውን አንስተው ሽማግሌዎቹን ሊጠሩ ወጡ።

መሙያዋ ልቅ ነበረች፤ ውኃ ቢነካት አንድ ክረምት አታልፍም። እንዲህ ያለች ሰዓት በረንዳችን ላይ ሌላ ሰው አስሮ ቢመጣ ኖሮ ሙሉ እሁድ እንስቅበት ነበር። ያን ቀን ግን አልነገርኳቸውም።