መልስ ያልሰጠ ስልክ

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ጠረጴዛው ሥር ዝቅ አድርጎ አየው። መልእክቱ «ይህ ሙከራ ነው፤ ሰርቨሮቹ ደህና ናቸው። ከደረሰዎ “ደርሷል” ብለው ይመልሱ» ይላል። አንብቦ ሰረዘውና ሻዩን ማማሰሉን ቀጠለ።

ቢሮው ውስጥ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችው የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል፣ «ጋሼ፣ ደረሰዎት?» አለችው።

«ምኑ?»

«መልእክቱ ነዋ።»

«ምንም የመጣ ነገር የለም» አላት።

በዚህ መሥሪያ ቤት መረጃ የሚያከማቹት ኮምፒውተሮች፣ ሰርቨሮቹ፣ ሲታመሙ የሚጠራው እሱ ነበር። መብራት ይጥፋ፣ ዲስክ ይሙላ፣ ማቀዝቀዣ ይቁም፣ ቀድሞ የሚጮኸው የእሱ ስልክ ነው። ባልደረቦቹ «የማይተኛው» ይሉታል። ለወጉ ያማርራል እንጂ፣ ዘመድ ቤት ተጋብዞ ስልኩ ሲጮኽ «ይቅርታ፣ ያለ እኔ አይሆንላቸውም» ብሎ የሚነሳው ደረቱን ነፍቶ ነው።

ልጅቷን ያስቀጠራት ራሱ ነው፤ ሚስቱ ወጥራ ይዛው። መጀመሪያ ገመድ ታቀብለው ነበር። ኋላ መሥሪያ ቤቱ ሰርቨሮቹን የሚጠብቅ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ሲያስገባ፣ ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሁሉ ለእሷ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ የበላው አይስማማውም። ስብሰባ ላይ «እሷን ጠይቁ» ሲባል ይሰማል። ቤት ሲገባ ሚስቱ «እህቴ ዛሬ ምን ሠራች?» ትለዋለች። ባሏ ምን ሠርቶ እንደዋለ መጠየቅ ከተወች ቆይታለች።

አሁን የቀረው ረዳቱ ችግር ሲያይ ለማን ቀድሞ ይንገር የሚለው ነው። ሥራ አስኪያጁ እንደ ድሮው «የማይተኛው» ይቅደም ብሎ ነበር፤ ሙከራው ይለፍ እንጂ። እሱ ግን ሌላ ሂሳብ ያዘ። ሙከራው ከወደቀ ረዳቱ ይባረራል፤ እሷም ወደ ገመዷ ትመለሳለች።

አሠራሯ ራሱ ጨጓራውን ይልጠዋል። ለሙከራ ብላ ማሽን አላጠፋችም፤ የውሸት አደጋ ፈጥራም ሰው አላስበረገገችም። ረዳቱ ለደንበኞችና ለአለቆች መላክ እንዳይችል ከለከለችው። የሚልከው ለሦስቱ የቡድኑ ሰዎች ብቻ ነው፤ እሱንም «ሙከራ» የሚል ቃል አስቀድሞ። በዚህ ላይ ረዳቱ «ተልኳል» ስላለ ብቻ አላምንም ትላለች። ስልኩን የያዘው ሰው በእጁ ካልመለሰ እሷ ዘንድ አልደረሰም ነው።

«እንደ ተማሪ ስም ልትጠሪብኝ ነው?» ብሏት ነበር ጠዋት።

«የሚጠራው ስልክዎ ነው ጋሼ፣ እርስዎ ቢያረፍዱም ግድ የለም» ብትል ቢሮው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

እንደገና ላከች። ኪሱ እንደገና ተንቀጠቀጠ። የኔትወርክ ባለሙያው ወዲያው መለሰ፤ ልጅቷም ለራሷ ስልክ መለሰች። ባለሙያው ዞር ብሎ፣ «የማይተኛው ዛሬ ተኛ እንዴ?» ሲል ለከፈው። እሱ በስልኩ ማርጀት አሳበበ፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከትቶ የስልኩን መንቀጥቀጥ ዘጋው።

ልጅቷ የስልክ ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበበች አመሳከረች፤ ልክ ነው። ስልኩን ልየው ስትለው የሰው ስልክ አይበረበርም አላት። ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀችው። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ እሷ ጥፋቱን ስትፈልግ ቀረች። እሱ ቅናት ከያዘው ወዲህ እንደዚያ ቀን ምሳ አጣጥሞ አያውቅም።

ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ መጥቶ እግሩን አንፈራጥጦ ቆመ። «እህ፣ አለፈ?»

«ረዳቱ ልኬያለሁ ይላል፤ ጋሼ አልደረሰኝም ይላሉ» አለች። «እኔ የማምነው እሳቸውን ነው።»

«የማይተኛው» ወንበሩ ላይ ተመቻቸ።

«ታዲያ ረዳቱን እናቁመው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አይ፣ ሁለታችን ጋ በደንብ ደርሷል። መልስ ያልሰጠ ስልክ ግን መቅደም የለበትም። አንድ ቀን የእውነት ቢቃጠልስ? ምክንያቱ እስኪታወቅ ጋሼ ከተራው ይውጡ።» ይህን ስትል ፊቷ ቀላ። ወደ እሱ ዞራ፣ «አንድ የመጨረሻ ልላክልዎት? በእናትዎ፣ በደንብ ይዩት» አለችው።

ላከች። ስልኩን አውጥቶ አየ። መልእክቱ ቁጭ ብሏል። «ደርሷል» ቢል ቦታው ይመለስለታል። ግን ያን ጊዜ አስተካከለችው ይባላል፤ ሥራ አስኪያጁ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋል፤ ማታ ሚስቱ ወሬውን ከእህቷ አፍ ትሰማለች። የልጅቷ ትናንሽ ጣቶች መልሱን እየጠበቁ ከኮምፒውተሩ ቁልፎች በላይ ተንጠልጥለው አየ።

«የለም» አለ።

ሥራ አስኪያጁ እሷ እንድትቀድም፣ የኔትወርክ ባለሙያው እንዲከተል አዘዘና ወጣ። ልጅቷ ነገ በሌላ ስልክ እንሞክራለን ስትለው አያስፈልግም አላት። እሷም ደጋግማ ጠየቀችው፤ እሱም ደጋግሞ እንቢ አለ።

በሚቀጥለው ወር አንድ እሁድ ከሰዓት ማቀዝቀዣው ቆመ። ረዳቱ ለልጅቷ ነገራት፤ ባለሙያውን ይዛ ሄዳ ማሽኖቹ ሳይግሉ ደረሰች። እሱ ወሬውን ሰኞ ጠዋት ሲገባ ከበሩ ጥበቃ ሰማ።