ትልቁ ፕሮሰሰርና የአባዬ ላፕቶፕ

ሱቅ ገብቼ ዕቃ መጠየቅ እንኳ የማፍር ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን የሟች አባቴን ላፕቶፕ ታቅፌ አዳማ ወዳለው የጋሽ ከድር ጥገና ቤት ገባሁ። ላፕቶፑ በተከፈተ በአምስት ደቂቃው ይግልና ይጠፋል፤ የአባዬ ፎቶዎች ያሉት ደግሞ እሱ ውስጥ ነው። አጎቴ «አንጎሉ ደክሞ ነው» ብሎ፣ ከተጣለ ሰርቨር፣ ማለትም ከመሥሪያ ቤት ትልቅ ኮምፒውተር፣ የነቀለውን መዳፍ የሚያክል ፕሮሰሰር ሰጥቶኝ ነበር።

«ይሄን ይግጠሙልኝ» አልኩ በሹክሹክታ።

ጋሽ ከድር ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ እንዲያዘው የተሠራ ነው። ቀን ከሌት ከመብራት አይነቀልም። የላፕቶፑ ግን ላንድ ሰው ነው፤ ሥራ ሲያጣ ያርፋል፣ በባትሪም ይኖራል። ትልቁ እዚህ አይገባም፤ ቢገባም ባትሪውን ባንዴ ይጨርሰዋል።»

አፍሬ ልወጣ ስል ላፕቶፑን ተቀብለው ፈቱት።

«ፕሮሰሰሩማ ጤነኛ ነው። የሚያቀዘቅዘው ፋን ታፍኖ ነው» አሉና በወረንጦ ቀይ ስስ ነገር መዘዙ።

የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። አባዬ መቂ ሽንኩርት ሲያስጭን ላፕቶፑን የሚከፍተው ክምሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቤት ሲገባ ልጣጩን ከሹራቡ ላይ የማራግፍለት እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ከድር ወደ ቆሻሻው ሊወረውሩት ሲሉ «አይጣሉት!» ብዬ ጮህኩ። ውጭ የቆመው ባለባጃጅ ሳይቀር ዞሮ አየኝ።