አዲስ ጉንጭ ይዘን ወደ ፈላና በር

ንጋት፣ አዲስ አበባ

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሳ። አጠገቤ የወንድሜ ልጅ መክሊት ተቀምጣለች። ከተወለደች ጀምሮ የጉንጭ አጥንት አልነበራትም። አሁን ሐኪሞች ከራስ ቅሏ አጥንት ወስደው፣ ከዓይኖቿ ሥር በትንንሽ ብሎኖች አስረው ጉንጭ ሠርተውላታል። እብጠቱ ገና አልጠፋም። እሷ ግን ምላለች፦ «ጋሼ፣ ሐረር ስንገባ ፊቴን አልሸፍንም።» እኔማ ቀዶ ጥገናውን አልፈራሁም፤ የምፈራው የሰፈራችንን የፈላና በርን ሰው ነው።

ረፋድ፣ አዋሽ

ሙቀት፣ ዝንብ፣ የፍየል ጥብስ። የአውቶቡሱ ረዳት መክሊት ላይ አፍጥጦ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረ።

«መኪና ነው የገጫት?»

«አዎ፣ በእናቷ ሆድ ውስጥ እያለች» አልኩት።

«ውይ፣ እግዜር ይማራት!» ብሎ ሄደ። አዋቂ!

ከሰዓት፣ ቁልቢን አልፈን

ዳገት፣ ጉም፣ ብርድ። ከፊታችን የተቀመጡ ወይዘሮ ዞር ብለው፣ «እግዜር የሰጣትን ፊት ባትነካኩት ምን አለበት?» አሉኝ። ሲናገሩ የወርቅ ጥርሳቸው ያብለጨልጫል።

«ይህንንስ ጥርስ እሱ ነው የሰጠዎት?» አልኳቸው። እስከ አወዳይ ድረስ መስኮቱን ሲያዩ ሄዱ።

አመሻሽ፣ ሐረር፣ ሸዋ በር

የቲማቲም ክምር፣ የጫት እስር፣ የሚኒባስ ጥሩምባ። መክሊት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣለችው። አንድ ባለባጃጅ አየት አደረጋትና፣ «አቦ እህቴ፣ የት ላድርስሽ?» አላት። እሷን! ቀኑን ሙሉ ራሷን ያናገራት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በፈረስ መጋላ አደባባይ ስናልፍ አንገቷን ቀና አድርጋ ነበር።

ፈላና በር

ጎረቤታችን ጥሩነሽ ደጅ ቆማ ጠበቀችን። ጥሩነሽ ሦስት ልጆች ወልዳለች። ባረገዘች ቁጥር መክሊት በመንገድ ስትመጣ ካየች፣ ጽንሱ የልጅቷን መልክ እንዳይወስድ ብላ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ትስብ ነበር። ልጅ በዓይን የሚጸነስ ይመስል! ዛሬ ግን እጇን ዘርግታ እየሮጠች መጣች።

«ውይ የኔ ቆንጆ! ስንቴ ተሳልኩልሽ መሰለሽ! ድሮም እኮ ምንም አልነበረብሽም!»

ነደደኝ። አፌን ሳልከፍት መክሊት ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስታ ቀስ ብላ ዓይኖቿ ላይ ሳበችው። ተሸነፈች አልኩ በልቤ።

«ምነው እናቴ፣ አመመሽ?» አለች ጥሩነሽ።

«የለም፣ እትዬ ጥሩነሽ። እኔም አንድ ቀን እወልድ ይሆናል፤ ልጄ እርስዎን እንዳይመስልብኝ ነው።»

የጥሩነሽ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። መክሊት ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ቀድማኝ ወደ ቤት ገባች።