ለሐኪም የታጠበ ጉልበት

ወረታ ውስጥ የቀኝ ጉልበቴን ዋጋ የማያውቅ ሰው ካለ ጆሮዬን ቁረጡኝ። ሥጋ ሻጩ ያውቃል፣ ባጃጅ ነጂው ያውቃል፣ የሩዝ መፈልፈያው ባለቤት ያውቃል። ቆስዬ ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ከመጣሁ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ መጀመሪያ እግሬን፣ ቀጥሎ ፊቴን ያይና «በወር ስንት ያስቡልሃል?» ይለኛል። እግዜር ይማርህ የሚል የለም። አንዱማ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ለጉልበት ይሄን ያህል፣ ለዐይን ቢሆን ደግሞ ይሄን ያህል እያለ በጣቱ ይቆጥርልኛል። «ምነው፣ ዐይኔም አብሮ በፈሰሰ ልትል ነው?» ብዬ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

እኔም ግን ከነሱ አልሻልም። በልቤ ስገምት ነው የምውለው። የፎገራ ሩዝ ጎንበስ ብለው፣ እስከ ባት ጭቃ ውስጥ ገብተው የሚያርሙት ነው፤ የኔ ጉልበት ደግሞ አይታጠፍም። አንድ ቀን ልሞክር ብዬ ገብቼ እንደ ተገተርኩ በጎኔ ወደቅሁ፤ ሁለት ሰው ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ ወዲያ ማሳዬን ሌላ ሰው ያርሰዋል፣ ምርቱን እኩል እንካፈላለን። የምኖረው ታላቅ እህቴ ቤት ነው። ባሏ ሞቶባታል፣ ለኔ የምታጎርሰው ከራሷ ጉሮሮ ቀንሳ ነው። የወር አበል ከተቆረጠልኝ ቤት ተከራይቼ እወጣለሁ፤ ካልተቆረጠልኝ እስክሞት የእህቴ ጥገኛ ነኝ። ነገሩ ይኸው ነው።

መንገዱ ለጎንደርና ለደብረ ታቦር ከሚለያይበት አጠገብ በሸራ ጥላ ሥር የሚቀመጡ ማመልከቻ ጸሐፊ አሉ። ጡረታ የወጡ የቢሮ ሰው ናቸው። እሳቸው ቁጡ፣ እኔ ቁጡ፣ ስለዚህ እንግባባለን። የሐኪሞች ቦርድ የሚያየኝ ቀን ሲቀርብ ሄድኩና «አንቱ፣ በወር ስንት ይደርሰኛል?» አልኳቸው። ሐኪሞቹ አካሌ ከመቶ ስንት እንደተጎዳ ይወስናሉ፣ ገንዘቡ ከዚያና ከመጨረሻ ደመወዜ ይሰላል አሉኝ። ከመሳቢያቸው የተማሪ ማዕዘን መለኪያ፣ ፕሮትራክተር አወጡና ጉልበቴ ላይ ለጠፉት።

«እጠፍ።»

«አይታጠፍም።»

«እጠፍ ስልህ እጠፍ!»

«አንቱ፣ አይታጠፍም አልኩ እኮ!»

ትንሽ ነቀነቅኩት፤ ላቤ ጠብ አለ። ካልኩሌተራቸውን ደበደቡና በቁራጭ ወረቀት አንድ ቁጥር ጻፉልኝ። «እንዲህ ከሆነ የወር አበል ነው፣ አትጠራጠር» አሉኝ። ወረቀቷን ለእህቴ አነበብኩላት፤ ተቀምጣ አለቀሰች።

ጥፋቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኛ አገር ሰው ሐኪም ዘንድ እንደ ወደቀ አይሄድም። ይታጠባል፣ ይላጫል፣ ያለችውን ንጹሕ ልብስ ይለብሳል፤ ቆሽሾ ሐኪም ፊት መቅረብ ነውር ነው። እህቴ ጉልበቴን አየችው። አብጧል፣ ጠባሳው ጠቁሯል፣ የተቀባሁት ቅባት ከአቧራ ጋር ተጋግሯል።

«ይህን ነው ለሐኪም የምታሳየው? ሰው የለውም ወይ ቢሉህስ?»

«እታለም፣ ቁስል ነው እንጂ ሙሽራ አይደል!»

«ዝም በል! ወንዛዬ ፍል ውሃ ሄደን ሳትታጠብ ንቅንቅ አትልም።»

ለዚያ ስትል ለቀለብ ካስቀመጠችው ሩዝ ሸጠች። ወንዛዬ ፍል ውሃው ዘንድ ዳስ ተከራየችልኝና ሰባት ቀን ተቀመጥን። ጠዋትና ማታ እስከ ወገቤ እነከራለሁ። መጀመሪያ ቆዳዬ የተላጠ መሰለኝ፤ ውሃውን ሰደብኩ፣ ያመጣችኝንም ሰደብኩ። አጠገቤ የሚታጠቡ ሽማግሌ «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አፍህን ዘግተህ ዳን!» አሉኝ። በአራተኛው ቀን ሕመሙ ለቀቀኝ። ተቀምጬ ያለ ሰው እርዳታ ተነሣሁ። ከቆሰልኩ ወዲህ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ያቺ ፕሮትራክተር ያኔ ትዝ ብትለኝ ምን ነበረበት? አልታወሰችኝም። ያመመህ ነገር ሲተውህ ማን ሒሳብ ያስባል?

ከወንዛዬ በተመለስን ማግሥት ቦርዱ ፊት ቀረብኩ። ተላጭቼ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ ጉልበቴ ጠርቶ ያበራል። ሦስት ሐኪሞች ተቀምጠዋል። ወጣቱ የብረት መለኪያ ጉልበቴ ላይ አደረገና «እጠፈው» አለኝ። በዕድሜ የምበልጠውን እኔን አንተ ማለቱን ዋጥ አድርጌ አጠፍኩት። ታጠፈ! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እዩልኝ፣ ታጠፈ እኮ ልል ምንም አልቀረኝም። እሱ ግን መለኪያውን አነበበና «በጣም ጥሩ ነው» ብሎ ጻፈ። ያኔ ነው የገባኝ።

«ዶክተር፣ ይሄ የፍል ውሃው ሥራ ነው። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ ይደርቃል» አልኩት።

«ሁሉም እንዲህ ይላል» አለና የሚቀጥለውን አስጠራ።

«ሁሉም ማነው? ሁሉም እዚህ ተቀምጧል? እኔን ነው የምታናግረው!» ብዬ ጮህኩ። ዘበኛው ክንዴን ይዞ ወደ በሩ ሲመራኝ ቀጥ ብዬ፣ ሳላነክስ ወጣሁ። ያንንም ሦስቱም አዩት።

የቦርዱ ውሳኔ ደብዳቤ ሲመጣ ጉልበቴ እንደ ቀድሞው ተገትሯል። ማመልከቻ ጸሐፊው ዘንድ ወስጄ አሳየኋቸው። ዳረጎት ይላል፤ አንድ ጊዜ ሰጥተውህ ደህና ሁን የሚሉህ ገንዘብ ነው፣ የወር የሚባል ነገር የለውም። ጸሐፊው ግራ ገባቸው፣ ግምታቸው እንዴት እንደተሳተ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ወንዛዬ? ወንዛዬ ተነክረህ ነው ቦርድ የቀረብከው? አንተ ጅል!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚች ቃል መልስ አላጣም ነበር። ያን ቀን ግን ደብዳቤውን መልሼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። እሳቸውም ንዴታቸው ሲበርድ እንደገና እንዲያዩኝ ይግባኝ ጻፉልኝ። ቀኑን፣ ፊርማዬን ሁሉ አሟልተው ሲያበቁ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ቀጠሮህ እስኪደርስ ውሃ አጠገብ እንዳትደርስ። አይታሽ፣ አይሙቅ፣ አይቀባ። እንደ ተገተረ ይቆይ።»

ቤት ገብቼ እህቴ ላይ ጮህኩባት። «አንቺ ነሽ ጉድ የሠራሽኝ! አንቺና ንጽሕናሽ!» አልኳት። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያኔም አውቅ ነበር። ሐኪሙን ግን ላገኘው አልችልም፣ እሷ ፊቴ ነበረች።

ቀጠሮ የሰጡኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ጉልበቴ አበጠ። አልጋ ላይ ስገላበጥ ድምፄ ጎረቤት ይሰማል፤ ላፍነው ብሞክርም እምቢ ይለኛል። ከትናንት በስቲያ እህቴ በሳፋ ሙቅ ውሃ ይዛ መጣች፣ ጨው ነስንሳበታለች።

«ትንሽ ልሽልህ።»

«አይሆንም።»

«እየጮህክ እኮ ነው!»

«ልጩሃ! ምን አገባሽ?»

«ብሩ ገደል ይግባ! እኔ ጠየቅሁህ? ከቤቴ ውጣ ያለህ አለ?»

እጇን ጉልበቴ ላይ ልታሳርፍ ስትል በደህናው እግሬ ሳፋውን ገፋሁት። ውሃው ወለሉን አጥለቅልቆ እግሯ ሥር ደረሰ። ይሄን ጊዜ ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። በሰደበችኝ ምነው! እሷ ግን እርጥብ ወለል ላይ ቆማ ጉልበቴን አየችው፣ ብዙ አየችው።

«እሺ» አለችኝ። «ቀጠሮህ ስንት ቀን ቀረው?»

ነገርኳት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነችና ሳፋውን አንሥታ ወጣች።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ጎረቤት ጩኸቴን ሰምታ ለእሽት የሚሆን ቅባት ይዛልኝ መጣች። እህቴ ከበር ላይ መለሰቻት።