የትራፊኳ እጆች

በአረጋውያን ማእከሉ ውስጥ ስሟን የሚያውቀው መዝገብ ቤቱ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «ትራፊኳ» ይላታል። ከአፏ እጇ ይቀድማል፤ ና፣ ቆይ፣ ቁጭ በል፣ ሁሉም በእጅ ነው። የወጥ ቤት ሠራተኞች ዛሬ ደግሞ የትኛውን መንገድ ዘጋሽ እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም መዳፏን ቀጥ አድርጋ ታስቆማቸውና ታልፋለች።

ልማዱ የፋብሪካ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በጨርቃ ጨርቅ ማሽኖች መካከል ሠርታለች። እዚያ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ሰው የሚግባባው በእጅና በዓይን ነው። ባልደረባህን ስትፈልገው ከኋላ መጥተህ ትከሻውን መታ ታደርጋለህ። ፋብሪካው ሲዘጋ ያንን ሁሉ ይዛ ወደ ማእከሉ መጣች።

ጉድ የሠራትም ይኸው ትከሻ መንካት ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው አንድ አዛውንት ነበሩ፤ አርባ ዓመት የሰው ፀጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ። አንድ ቀን ገላቸውን ልታጥብ ከኋላ መጥታ ትከሻቸውን ነካችና ፎጣውን ጣል አደረገችባቸው። ዞር ብለው በጥፊ አጮሏት።

«አንቺን ጨምሮ ሦስት ሰው መቱ» አለች የማእከሉ ኃላፊ። «አራተኛ ከተመታ ቤተሰብ ይውሰዳቸው።»

ቤተሰብ የሚባለው አንዲት ሴት ልጃቸው ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ የምትውል። ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥተው ጠፍተውባታል። በሁለተኛው የተገኙት አስፋልት መሃል ነው።

ትራፊኳ አላኮረፈችም። ጉንጯን በቀዝቃዛ ውሃ እያበሰች አሰበች። ማሽን በሌለበት ቤት የማሽን ቤት ልማድ ይዛ ገብታለች። ደግሞስ፣ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ከሰው ኋላ ሲቆሙ የኖሩ ናቸው። ከእሳቸው ኋላ ማን ቆሞ ያውቃል? ፎጣ የሚያስሩት እሳቸው፣ የሚታሰርለት ሌላው።

በማግስቱ ገና ከበሩ እንዲያዩዋት ሆና ከፊት ለፊት ገባች። ዓይኗ ከዓይናቸው ዝቅ እንዲል በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ፎጣውን ዘርግታ አሳየቻቸው። አዛውንቱ ፎጣውን አዩ፣ ከዚያ እጇን። ተቀበሏትና አንዴ አራግፈው፣ በኋላዋ ዞረው አንገቷ ላይ አሰሩላት። በሁለት ጣት ጭንቅላቷን አቃኑ። መቀስ የለም፤ የሚከፈትና የሚዘጋው ጣታቸው ነው። እሷም ዝም ብላ ተስተካከለች። ሲጨርሱ ትከሻዋን ጠረግ ጠረግ አደረጉላት።

ያኔ ተነሳችና በርጩማውን በመዳፏ አመለከተቻቸው፤ ተራው የእርስዎ ነው እንደማለት። ተቀመጡ። ታጠቡ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሃያ ደቂቃ እንዲሁ ነው። ባልደረቦቿ መጀመሪያ ፀጉርሽ ግን አላጠረም እያሉ ሳቁባት። ሰንበትበት ሲል ግን እነሱም ከፊት ለፊት መግባት ጀመሩ።

የቀረችው ልጃቸው ነበረች። እሑድ እሑድ ትመጣለች፤ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ የመኪና ቁልፏን በእጇ እያንቃጨለች በቁሟ ትጠይቃቸዋለች። «አባዬ፣ አወቅኸኝ? ማን ነኝ?» እሳቸው ግን የሚያዩት ቁልፉን ነው። ቁልፍ ካለ የሚኬድበት አለ፤ ብድግ ብለው ኮታቸውን ይፈልጋሉ። አንድ እሑድ ልጅቱ ክንዳቸውን ይዛ ልታስቀምጣቸው ስትል እጃቸው ለጥፊ ተነሳ። ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

ትራፊኳ በመካከላቸው አልገባችም። ከአባትየው ጎን ቆማ መዳፏን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ተጫነች። በፋብሪካ ቋንቋ ማሽኑን አቀዝቅዢ ማለት ነው። ልጅቱ ፋብሪካ ባታውቅም ገባትና ክንዳቸውን ለቀቀች።

«ቁልፉን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው፣ እህቴ። አትጠይቂያቸው፤ ቁጭ በይ።»

ልጅቱ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ትራፊኳ ፎጣውን ዘረጋች። የተነሳው እጅ ፎጣውን ተቀበለ።

አራገፉት፣ አሰሩላት፣ ጭንቅላቷን አቃኑ። ጣታቸው ግራ ጆሮዋ አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

«አትነቃነቂ» አሉ። «ያን ጊዜ ስትነቃነቂ ነው ጆሮሽን የነካሁሽ።»

የልጅቱ እጅ ወደ ጆሮዋ ሄደ። ጠባሳው የልጅነት ነው፤ ዛሬም አለ።

ኃላፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትራፊኳን፣ የመሄዳቸው ነገር ይቅር፣ ነገ ለሠራተኛው ሁሉ ታሳዪልኛለሽ አለቻት። ትራፊኳ ዞር ሳትል መዳፏን አነሳች። ቆዪ። ገና ፀጉሩ አላለቀም።