የማይነካው የሰሌን ቤት

በአፋር ደንብ ቤት የሴቲቱ ነው። ሰሌኑን ሠርታ፣ የታጠፈውን እንጨት አልብሳ ታቆመዋለች፤ ስትሄድም ግመል ላይ ጭናው ትሄዳለች። ባል ቢያኮርፍ ውጭ ያድራታል። የልጅነት ጎረቤቴ፣ የአዋሿ ኡምሰልማ፣ እንዲህ ያለ ቤት ነበራት፤ ባልም ነበራት፣ ብዙ ጊዜ ውጭ።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ የጥጥ እርሻው አገሩን ይውጥ ጀመር። ቀያሾች ደጇ ላይ ችካል ተከሉና «ትራክተር ሳይደርስ ንሺ» አሏት። ሰሌን የምትሠራበት ዘምባባ ያለው ግን እዚያው ወንዙ ዳር ነው።

በዚያው ሰሞን ስዩም የሚባል የሙዚየም ሹም ከአዲስ አበባ በባቡር መጣ፤ በዚያ ሐሩር ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ። ማሊ ውስጥ ሙዚየም የሚያደራጅ ባካሪ የሚባል እንግዳም አስከትሏል። ስዩም ስለ አፍሪካ የጋራ ቅርስና ትብብር ረጅም ንግግር አደረገ። እስከ መጨረሻው የሰሙት ፍየሎቹ ናቸው።

ባካሪ ግን ጫማውን አውልቆ ገባና ጣሪያውን ዳበሰ። «የእናቴ ቤት!» አለ በፈረንሳይኛ፤ ስዩም ተረጎመ። «በእኛም በረሃ እናቶች እንዲህ ነው የሚሠሩት።» ወስፌ ለምኖ አንድ ረድፍ ሰፋ።

ኡምሰልማ አየችና ፈታችው። «እናትህ ሳታስተምርህ ነው የላከችህ። ፍየል የጋጠችው ይመስላል!»

«በጣም ተደስታለች» ብሎ ተረጎመ ስዩም። ባካሪ የተፈታውን አይቶ ስቋል።

ስዩም ቤቱን ለአፍሪካ ሕዝቦች ትርኢት እንድትሰጠው ለመናት።

«እዚያ ምን ይሆናል?»

«ማንም አይነካውም፤ ከቦታው ማንም አያነሳውም። በሕግ ይጠበቃል» አለ ስዩም።

«እንግዲያው ሕጉን ወዲህ አምጣው። ለትርኢቱ ሌላ እሠራለሁ።»

«እንዴ እመት! ሰው የሚኖርበት ቅርስ የት አለ?»

«ሰው የሌለበት ቤትስ?»

ባካሪ ይህ ሲተረጎምለት ለእሷ ወገነ። ስዩም ላቡን ጠርጎ ሳንቃ ላይ ጻፈ፤ ማኅተምም አከለ፦ «ቅርስ ነው፤ መንካት ክልክል ነው።» እኔ ፊደል ገና መለየቴ ነበርና ደጋግሜ አነበብኩላት። እንግዶቹ ሲሄዱ ሳንቃውን ተሸክማ ከዘምባባው ወዲያ ተከለችው።

ትራክተር ነጂው እሸቴ ማኅተሙን ሲያይ ቆቡን አነሳና ቤቱንም ዘምባባውንም ትቶ ዙሪያውን አረሰ። ኡምሰልማም ቃሏን አክብራ አዲሱን ቤት ሠርታ በባቡር ላከች።

በዓመቱ ስዩም ሊጎበኝ መጣ። ፀሐይ አድክሞት የቤቷን ሰሌን ደገፍ አለ።

«ቀና በል፣ አባቴ» አለችው፣ በበትሯ ሳንቃውን እያሳየች። «አላነበብክም?»